የበዓል ዋዜማ ደብተር

ልጅ በተንጫጫ ቁጥር ንግግሬ ተበላሸ የምል ሰው አይደለሁም፤ እንዲያውም ዛሬ የምናገረው ስለ ልጆች ስለሆነ ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ቤተ እስራኤላውያን ዛሬ እዚህ ቤር ሼባ የተሰበሰብነው ልጆቻችን በየቤታቸው ከራሳቸው አፍልቀው እንዲጽፉ ምን ብናደርግ ይሻላል በሚል ጉዳይ ላይ ነው። ይህን ስናነሳ ከወላጅ አፍ መጀመሪያ የሚወጣውን መልስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «እኔ ዕብራይስጡን በቅጡ አላነብም፤ ለልጄ ምን ልረዳው?» ይባላል። ከዚያ ነገሩ ለትምህርት ቤት ይተዋል። ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። ዕብራይስጥ የማታነብ እናት፣ ፊደል ያልቆጠሩ አያት፣ ለሚጽፍ ልጅ ከማንም የተሻሉ ሰሚዎች ናቸው። መሰብሰቢያ ቀኑንም አዲስ መፍጠር አያስፈልገንም፤ በዓሎቻችን አሉ።

ልጅ እንዲጽፍ የሚገፋው ወረቀት ወይም እርሳስ አይደለም፤ የሚጠብቀው ሰው መኖሩ ነው። በትምህርት ቤት ልጁ የጻፈውን መምህሯ ታነባለች፤ ከሱ ደብተር ሥር የሌሎች ልጆች ደብተሮች ተቆልለው ይጠብቋታል። ታርማለች፣ ነጥብ ትሰጣለች፣ ትመልሳለች። ይህ ሥራዋ ነው፤ አልነቅፋትም። ነገር ግን ልጁ ከዚህ የሚማረው መጻፍ ማለት መፈተን ነው ብሎ ነው። ቤት ውስጥ ግን በበዓል ቀን አያት ይመጣሉ፣ አጎት ከአሽዶድ ወይም ከቂርያት ጋት ይመጣል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ቡና ይፈላል። ይህ ሁሉ ሰው ተቀምጦ «እስቲ ምን ጻፍክ?» ሲለው ልጁ የሚሰማው ስሜት ከነጥብ ጋር አይገናኝም።

እዚህ ላይ ቄሶቻችን ሳይጠይቁኝ እኔው ልቅደም። በሰንበትና በዓቢይ በዓል ዕለት አይጻፍም። ልጁ እርሳስ የሚያነሳው በዋዜማው ነው። ይህን እንደ እንቅፋት አላየውም፤ እንዲያውም ትልቅ እርዳታ ነው። ነገ እጽፋለሁ የሚል ልጅ መቼም አይጽፍም፤ ትልቁም ሰው እንደዚያው ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት መጨረስ አለብህ ሲባል ግን እናቱ ለበዓሉ ዳቦ ስትደፋ እሱም ከጎኗ ተቀምጦ ገጹን ይጨርሳል። በበዓሉ ዕለት ወረቀቱን አውጥቶ ያነባል። በበዓሉ የሰማው ነገር ካለ ደግሞ በጭንቅላቱ ይዞ ይቆያል፤ የሚጽፈው በዓሉ ሲወጣ ነው። ሳይጽፉ ይዞ መቆየት ራሱ ለጸሐፊ ጥሩ ልምምድ ነው።

ለበዓል አዲስ ነገር ማዘጋጀት ደግሞ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከጎንደርና ከጎጃም የመጣችሁ ስለ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የቅኔ ቤት ታውቃላችሁ። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ የሚማረው ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። ባለ ቅኔው ለበዓል የሚዘርፈውም ለዚያ ቀን የተሠራ ነው፤ አምና የተባለውን ዘንድሮ አይደግመውም። በአዲስ አበባና በጎንደር ከተማ የኖራችሁ ደግሞ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ወንዶቹ ልጆች ሥዕል ሥለው፣ ሥሩ ላይ የመልካም ምኞት ቃል ጽፈው በየጎረቤቱ ሲያድሉ አይታችኋል። ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ። ያ ልጅ ማንም አስገድዶት አይደለም የሣለው፤ በሩን ከፍቶ «እደግ» የሚለው ጎረቤት እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ሳንቲሙም አይረሳም። እዚህም ለአዲሱ ዓመት፣ ለሮሽ ሃሻና፣ ልጆች በመዋዕለ ሕፃናት የሻና ቶቫ ካርድ ይሠራሉ። ካርዱ ግን ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ቤት ይደርሳል፣ ማቀዝቀዣ ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ጮክ ብሎ የሚያነበው የለም። እኔ የምለምናችሁ ይህን ትንሽ ጭማሪ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው ጉዳይ ልግባ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ነገሩ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነውና። ልጁ የሚያስበው በዕብራይስጥ ነው። አያቱ የሚሰሙት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው። «በአማርኛ ካልጻፍክ» ብላችሁ ብታስገድዱት ይተወዋል። በዕብራይስጥ ጽፎ በዕብራይስጥ ብቻ ካነበበ ደግሞ አያቱ «ጎበዝ» ብለው ፈገግ ይላሉ እንጂ አልሰሙትም። መፍትሔውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በስግድ በዓላችን ቄሶቻችን ምን ያደርጋሉ? ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ ከዚያ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጉሙታል። የስግድ መሠረት በሆነው በነህምያ መጽሐፍም ዕዝራ ሕጉን ሲያነብ ሌዋውያኑ ትርጉሙን ለሕዝቡ ሲያስረዱ ነው የምናገኘው። ልጃችንም እንዲሁ ያድርግ። በዕብራይስጥ የጻፈውን ያንብብ፤ ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጦ ለአያቱ በአማርኛ ይተርክላቸው። አማርኛው ቢሰበርም ግድ የለም። ቃል ሲጠፋው አያቱ ያቀብሉታል፤ ያቀበሉትን ቃል በሚቀጥለው ጽሑፉ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ዕብራይስጥ የማያነብ ሰው የተሻለ ሰሚ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። የሚያነብ አባት ወረቀቱን ይቀበልና በዓይኑ ሮጥ ሮጥ አድርጎ «ጥሩ ነው» ብሎ ይመልሳል። የማያነብ እናት ግን ትጠይቃለች። «ከዚያስ ምን ሆነ? ለምን ሄደ? እናቱ አላየችውም?» ልጁ ለመመለስ ሲሞክር በጽሑፉ ውስጥ የጎደለውን ራሱ ያገኘዋል። ይህን ከእናት ጥያቄ የበለጠ የሚያስተምር መምህር አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ ቤቶቻችን ልጅ የቤቱ አንባቢ ነው። ከብሔራዊ መድን (ቢቱዋህ ሌኡሚ) ደብዳቤ ሲመጣ፣ ከባንክ፣ ከጤና መድን (ኩፓት ሆሊም)፣ ከማዘጋጃ ቤት (ኢሪያ) ሲመጣ «ና እስቲ ይህን አንብብልኝ» ይባላል። ከትንሽነቱ ጀምሮ ለወላጁ የሚያነበው የዕዳ፣ የቀጠሮና የማስጠንቀቂያ ወረቀት ነው። የበዓል ጽሑፉ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የራሱን ቃል የሚያነብበት ቀን ነው። ለዚህ ብቻ እንኳን ቢሆን ድካሙ አይቆጭም።

ስለ ወቅቶቹ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የልጆቻችን ትልቁ የጽሑፍ ሀብት እዚያ ተቀምጧልና። አዲሱ ዓመት፣ ብርሃን ሰረቀ የምንለው በዓል፣ በኢትዮጵያ የሚመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ዘንቦ፣ ወንዙ ሞልቶ ጎድሎ፣ ሜዳው ለምልሞ፣ አደይ አበባ ፈክታ ነው በዓሉ የሚደርሰው። ጎንደር በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ቤር ሼባ የምታገኘው 200 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ እሱም የሚዘንበው በብርድ ወራት ነው። ስለዚህ እዚህ አዲሱ ዓመት ሲገባ ወራት ሙሉ ጠብታ አልወረደም፤ መሬቱ ግራጫ ነው፣ ነፋሱ አቧራ ነው፣ የምንጸልየውም ዝናብ እንዲመጣ ነው። እዚያ አዲስ ዓመት ከዝናብ በኋላ፣ እዚህ ከዝናብ በፊት። አያት ስለ በዓሉ ሲያወሩ አበባ ያወራሉ፤ ልጁ በመስኮት ሲያይ የደረቀ ሜዳ ያያል። ሁለቱም እውነት ነው። ልጁ ይህን ልዩነት እንዲያየው ብቻ ብታደርጉ የሚጽፈው አያልቅበትም። «አያቴ የሰበሰበችው አበባ ቤር ሼባ መጥቶ ምን ይል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ቀሪውን እሱ ያውቅበታል።

አበባው ደግሞ እዚህም ይመጣል፤ ጊዜው ነው የሚለየው። በየካቲት ገደማ ከከተማችን ወደ ሰሜን ምዕራብ ያለው የኔጌቭ ሜዳ ካላኒዮት በሚባል ቀይ አበባ ይሸፈናል፤ ከመላው አገር ሰው ለማየት ይጎርፋል። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የቱ ቢሽቫት በዓል ሲደርስ የለውዙ ዛፍ ነጭ አበባ ያወጣል። ልጁን በአውቶቡስ ይዛችሁ ሂዱና አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ወዲያው ጻፍ አትበሉት፤ ስለ ጉዞ ጽሑፍ የማስጻፍን ልማድ ልጆች እንዴት እንደሚጠሉት ከእነሱ ከራሳቸው ሰምቼዋለሁ። ያየውን ይዞ ይመጣል፤ ለሚቀጥለው በዓል ያወጣዋል።

ፋሲካን ሳላነሳ አላልፍም። ከበዓሎች ሁሉ ለልጅ ተናገር ብሎ በግልጽ የሚያዝ በዓል እሱ ነው፤ ከግብጽ መውጣቱን አባት ለልጁ እንዲነግር በኦሪት ተጽፏል። በኢትዮጵያ ወላጆቻችን ዛሬ እዚህ በየፋሲካው ማዕድ የምንይዘው ሃጋዳ የሚባል መጽሐፍ አልነበራቸውም። ቄሱ ከኦሪት ዘጸአት ይነግራሉ፣ በጉ ይታረዳል፣ ቂጣው በችኮላ ይጋገራል፣ እርሾ የነካው ሁሉ ይወጣል። አሮጌው የሸክላ ዕቃ ይሰበርና ለበዓሉ አዲስ ይሠራል። እስቲ ይህን ነገር ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ንገሩት! የቤቱ ድስት ሁሉ በፈቃድ ተሰበረ ሲባል ዓይኑ እንዴት እንደሚፈጥጥ ታያላችሁ። ልጅ ዕቃ ሲሰብር ይቆጡታል እንጂ የሚመሰገንበት ቀን አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። «ሊሰበር አንድ ቀን የቀረው ማሰሮ የመጨረሻ ቀኑን እንዴት ዋለ?» ብላችሁ ተዉት። እናቶች፣ እናንተ ደግሞ ሸክላ ስትሠሩ የኖራችሁ ወይም እናቶቻችሁ ሲሠሩ ያያችሁ ናችሁ፤ ጭቃው ከየት እንደሚቀዳ፣ እንዴት እንደሚቦካ፣ እሳቱ ውስጥ ስንቱ እንደሚሰነጠቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልጁ ማሰሮውን እንዲያናግረው ይህ ዝርዝር ያስፈልገዋል። ዝርዝር የሌለው ምናብ ቶሎ ይደርቃል።

ሐኑካን ወላጆቻችን በኢትዮጵያ አላከበሩትም፤ ስለ ፑሪምም የምናውቀው የአስቴርን ጾም እንጂ ጭምብሉንና ጭፈራውን አልነበረም። ስለዚህ በነዚህ በዓላት መምህሩ ልጁ ነው፤ ለአያቱ እሱ ይንገራቸው። ሐኑካ ስምንት ሌሊት ስለሆነ ለተከታታይ ታሪክ ይመቻል። በየምሽቱ ሻማው ከበራ በኋላ አንድ አንድ ክፍል፣ ታሪኩ ልብ አንጠልጥሎ ለነገ የሚቆም። ፑሪም ላይ ደግሞ ልጁ የለበሰውን ሰው ሆኖ ይጻፍ። የሀፖኤል ቤር ሼባ ተጫዋች ለብሶ ከሆነ ስለ ጨዋታው ይጻፍ፤ ንግሥት ከለበሰችም የንግሥቲቱን ሐሜት ትጻፍ።

ገና ፊደል ያልለዩ ታናናሾች አሉ። እነሱስ? በቺካጎ ለረጅም ዓመታት የሕፃናት መምህር የነበረች ቪቪያን ፔሊ የምትባል ሴት ለዚህ ጥሩ መንገድ አሳይታለች። ልጁ ታሪኩን ይናገራል፣ እሷ ቃል በቃል ትጽፋለች፣ ሳታርም፣ ሳታሳምር። ከዚያ ጓደኞቹ ታሪኩን በትወና ይሠሩታል። ልጁ «ከዚያ አንበሳው መጣ፣ ከዚያ ሄደ፣ አለቀ» ቢል እንኳ አንበሳው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ያልቃል። በእኛ ቤት ጸሐፊው ታላቅ እህት ወይም ወንድም ሊሆን ይችላል፤ የበዓሉ እንግዳ ሁሉ ተዋናይ ነው። አጎት አንበሳ ሆኖ ሲያገሳ ያየ ልጅ ሁለተኛውን ታሪክ ሳይለመን ያመጣል። ሌላው ብልሃተኛ ጣሊያናዊው ጃኒ ሮዳሪ ነው፤ መምህርም ጋዜጠኛም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ለሕፃናት ጸሐፊዎች የሚሰጠውን የአንደርሰን ሽልማት አግኝቷል። እሱ የሚለው የማይገናኙ ሁለት ቃላት አጋጩ፣ ታሪኩ ከመሐላቸው ይወጣል ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ ቀላል ነው፤ አንዱን ቃል አያት ይስጡ፣ ሌላውን ልጁ ያምጣ። ምጣድና ባቡር፣ ገበታና ታብሌት። እንቆቅልሽ ስንጫወት፣ «ምን አውቅልህ» እያልን፣ አገር እየሰጠን ያደግን ሰዎች በዚህ ጨዋታ አንሸነፍም።

ስለ ፊደል ግድፈት አንድ ቃል ብቻ። በዋዜማው የተጻፈውን አታርሙ። ልጁ በዕብራይስጥ አሌፉን ከዓይን፣ ካፉን ከኩፍ ቢያምታታ መምህሯ በትምህርት ቤት ታስተካክለዋለች። እኛ አዋቂዎቹ በሀ፣ በሐ እና በኀ፣ በሰ እና በሠ ስንጨቃጨቅ ዘመን አልፎብናል፤ ጋዜጣውም መጽሐፉም በየፊናው ይጽፋል፤ ሰማይ ግን አልተደፋብንም።

አሁን ምናልባት የማትወዱትን ልናገር ነው። ልጆቻችንን በየበዓሉ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስለመጣንበት ጉዞ ብቻ እንዲጽፉ አናስገድዳቸው። በሱዳን መንገድ 4000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ፣ በኢየሩሳሌም ቀን መታሰቢያቸው እንደሚደረግ ልጆቹ ማወቅ አለባቸው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ሲጠይቁ መንገር፣ ሲጽፉ ማዳመጥ ግዴታችን ነው። ነገር ግን እዚሁ ሶሮካ ሆስፒታል ተወልዶ፣ ሽኩና ቤት በተባለው ሰፈር ያደገ ልጅ በትምህርት ቤትም «ስለ ቤተሰብህ ጉዞ ጻፍ»፣ በቤትም «ስለ ጉዞው ጻፍ» ከተባለ የራሱን ታሪክ መቼ ይጽፋል? በሱ ዕድሜ ያለው ሌላው ልጅ ስለ ዘንዶና ስለ ጠፈር ሲጽፍ የእኛ ልጅ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ምስክር ሆኖ ይቀራል። ስለ ደረጃው ድመት፣ ስለ ገበያው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስለሚያልፍበት መንገድ ይጻፍ። ደግሞስ ሰፈሮቿን በፊደል ቅደም ተከተል አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት ብላ በጠራች ከተማ የሚያድግ ልጅ ታሪክ ያጣል?

ለዚህ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። ዳሊያ ቤቶሊን ሼርማን በልጅነቷ ከኢትዮጵያ መጥታ እዚህ ያደገች ጸሐፊ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 በዕብራይስጥ ያወጣችው «ዓለም እንዴት ነጭ ሆነች» የተባለው የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፏ ከትልቁ ታሪክ ይልቅ ትንንሹን ነገር ይመለከታል፤ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ አዲሱን አገር በልጅ ዓይን። ትልቅ ልጆች ያሏችሁ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት አስወጡላቸው። እንደኛ ያለ ቤት በመጽሐፍ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ያየ ልጅ የራሱን ቤት ለመጻፍ አያፍርም።

ጊዜ የለንም የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሌሊት በጥበቃ፣ ጎህ ሳይቀድ በጽዳት የሚሠራ ወላጅ በየቀኑ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ይጻፍ ብል ፌዝ ይሆንብኛል። እኔ በየቀኑ አላልኩም። በዓላቱን ብቻ ነው ያልኩት፤ በዓል ደግሞ እንዲህም ሆነ እንዲያ ቤት ያውለናል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር ይበቃል፤ ከትምህርት ቤቱ ደብተር ተለይቶ የሚቀመጥ፣ በየገጹ የበዓሉ ስምና ዓመቱ የሚጻፍበት። ካነበበ በኋላ የሚሰጠው ሽልማት ገንዘብ ባይሆን እመርጣለሁ። ይልቅ አያቱ በምላሹ አንድ ተረት ይንገሩት፤ ተረት ተረት ሲሉ እሱ የላም በረት ይበላቸው። ልጁ ያነበበው ነገር በቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር እንዳስነሳ ይየው።

አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ከዮም ኪፑር እስከ ስግድ ደግሞ 50 ቀን አለ፤ ስግድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገሪቱ በዓል ነው፤ ትምህርት ቤቶችም ስለሱ ያስተምራሉ። በነዚህ 50 ቀናት ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ስለፈለገው ነገር፣ በሚቀለው ቋንቋ። ስግድ ከመድረሱ በፊት በዚሁ አዳራሽ እንገናኝና ልጆቹ ያንብቡ፣ ሽማግሌዎቻችን ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ ማንም ማንንም አያርም። ቄሶቻችንን የምለምነው በዚያ ቀን ተገኝተው እንዲሰሟቸውና እንዲመርቋቸው ነው። ወላጆች፣ ስትወጡ በር ላይ ያለው ዝርዝር ላይ የልጆቻችሁን ስም አስመዝግቡ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከልጆቹ ብንጀምር ደስ ይለኛል።